«ዳርሊንግ» ለሚለው ቃል የሰጠሁት ትርጉም

በዚህ ነገር ውስጥ ያለን ሰዎች አምስት ነን። ስም አልጽፍም። ስም ከተጻፈ ሰው የሚፈርደው በስሙ ባለቤት ላይ ነው፤ ነገሩን ይረሳዋል።

አንደኛዋ ባለቤቴ ናት። የይፋግ ገበሬ ልጅ፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ግን አንድ ጊዜ የሰማችውን የማትረሳ። ሁለተኛው ልጃችን ነው። ከወለድናቸው አራት ልጆች የተረፈልን እሱ ብቻ ሲሆን ወረታ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ሦስተኛዋ ምራቴ ናት። ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ የጤና ትምህርት ተምራ የንዳድ በሽተኛ ታክም የነበረች። አራተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የአጥቢያችን ቄስ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ራሴን መጨረሻ ያደረግሁት ለትሕትና አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቅ ብዬ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደልና ዳዊት በአጥቢያችን ተማርኩ፤ ከዚያ አባቴ ሞተና በሬ ጠመድኩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ወረታ አጠገብ ሰፈሩ፤ እኔም የመጋዘን ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። አካፋውን፣ ዶማውንና የናፍጣውን በርሜል የምረከብ እኔ ነበርኩ። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻልኩ አንድ ቀን በናፍጣ ፈንታ ሌላ አወጣሁና በሰው ፊት ተሰደብኩ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዚያ ስድብ ተነሥቼ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አገኘሁ፤ በየቀኑ አምስት አምስት ቃል እያልኩ በደብተሬ ገለበጥኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሐሙሲት ድረስ ሰው የመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ «ይኸን አንብብልኝ» እያለ ይመጣ ጀመር። ኮራሁ። ሰው በራሱ ድካም ያገኘው እውቀት ከሌላው ይልቅ ያኮራዋል፤ ስለዚህ ከሌላው ይልቅ ሊፈራው ይገባል።

ቃሏን የሰማኋት እዚያው ሰፈር ነው። አለቃችን ፈረንጅ ነበር፤ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ። አንድ በጋ ሚስቱ ልትጠይቀው መጣች። ያ ሠራተኛውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ሰው በግቢው ማዶ ሆኖ «ዳርሊንግ!» ብሎ ሲጠራት ድምፁ ይለሰልሳል። ሠራተኛው ይሳሳቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። በደብተሬም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውዴ። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ እናትም ለልጇ ትለዋለች። ለባዕድ አይባልም።» ስለዚህ አውቀው ነበር። በኋላ የማወራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ አንባቢ ይኸን ይያዝልኝ።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። እኔ ባለቤቴን «ስሚ» እላታለሁ፤ እሷ «ሰማህ» ትለኛለች፤ ሰው ፊት ደግሞ «እሱ» ነኝ። የባሏን ስም የምትጠራ ሴት በአገራችን አፈ ባለጌ ትባላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ያችን ቃል በአማርኛ ልላት አሰብኩ። ሜዳውን ሳቋርጥ ብቻዬን ቃሏን አልኳት፤ አላስቸገረችኝም። ደጅ ስደርስ ባለቤቴ «ጥጃዋ እናቷን ጠብታ ዋለች፤ ዛሬ ወተት የለም» አለችኝ። ተውኩት።

ልጄ ያገባው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። በግቢዬ ውስጥ ቤት ሠራሁለት። ሙሽራዋ የከተማ ልጅ ብትሆንም ወጉን ታውቅ ነበር። ምራት የባሏን ወገን በስሙ አትጠራም፤ ለእያንዳንዱ ከፍቅርና ከአክብሮት የሆነ መጠሪያ ታወጣለች። ባለቤቴን «እታባ» አለቻት፤ እት አበባ ማለቷ ነው። እኔን «አባባ» አለችኝ። የጎረቤቱን ልጆች ሳይቀር እየሳቀች ስም አደለቻቸው። አማትም በተራዋ ለምራቷ የቤት ስም ታወጣለች፤ በዚያ ስም የተጠራች ሴት የቤቱ ልጅ ሆነች ማለት ነው። ባለቤቴ ሦስት ቀን አስባ ስም አወጣችላት። ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ የሞቱትን ልጆቻችንን ስትጠራበት የነበረውን ይመስል ነበር። እዚህ ላይ ስሙን ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ አይገባኝም።

በወጉ ውስጥ ስም የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባል። እሷም ያንን ክፍት ቦታ በእንግሊዝኛ ሞላችው። ይኸ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በአማርኛ «ውዴ» ብትለው አማቶቿ ይሰማሉ፤ ያ ነውር ነው። እንግሊዝኛውን የመረጠችው እኛን አክብራ፣ የማይሰማ መስሏት ነበር።

አንድ ከሰዓት ከልጄ ቤት ግድግዳ ሥር ተቀምጬ የሞፈር ጠፍር አለፋለሁ። ከውስጥ እንዲህ ይላሉ፦

«ዳርሊንግ፣ ያንን ጠርሙስ አቀብለኝ።»

«ቀስ በይ፣ አባቴ ከውጭ ናቸው።»

«ምን አለበት? እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?»

«የበርሜል እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ናፍጣና ቤንዚን ይለያሉ።»

ሁለቱም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ እኔም በአባቴ ከዚህ የባሰ ቀልጃለሁ። ግን ጠፍሩን አስቀምጬ ሄድኩ። ብዙ ዘመን «የተቆጣሁት ስለ ነውሩ ነው» እያልኩ ራሴን ሳሳምን ኖርኩ። በሚዛን ቢቀመጥ ግን የበርሜሉ ነገር ይከብዳል።

ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ዋለ። ሃያ የሚሆን ሰው መደቡን ሞልቶታል፤ የንስሐ አባታችን ዳቦውን ባርከው ቆርሰዋል። ልጄ ጠላ ይቀዳል። ወደ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሲያዋራ ገንቦው ተንጋደደና በሰውየው ጋቢ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ምራቴ ከጓዳው በር ሆና አየች። ደንግጣ፦

«ዳርሊንግ፣ ገንቦው!» አለች።

የሁሉም ዓይን ወደ ጓዳው በር ዞረ። ጋቢው የራሰው ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማያጣ ሰው። «ምን አለችው? አዲስ የክርስትና ስም አወጣችለት እንዴ?» ሲል ሰዉ ሳቀ። ምራቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የንስሐ አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግ ብለው ነበር። «አንተ የእነሱን ቋንቋ ታውቃለህ። ምን ማለት ነው?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ሃያ ሰው ፊት «ውዴ ማለት ነው» ብል የልጄን የመኝታ ቤት ነገር መደብ ላይ ማስጣት ነው። «አላውቅም» ብል ከበርሜል አላለፍኩም ማለት ነው። ዝም ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን አፌን ከፈትኩና፦

«አሽከር ማለት ነው» አልኩ። «ፈረንጅ የቤት አሽከሩን ሲጠራ እንዲህ ይለዋል።»

«እሰይ!» አለ ጎረቤቴ ጋቢውን እየጨመቀ። «የእኔዋ ይኸን ሁሉ ዘመን በአማርኛ ስትለኝ ኖራለች። ለካ በፈረንጅ አፍ ያምራል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ሞሰቡን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልጄ አየኝ። አንባቢ «ለምን አልተናገረም?» ይል ይሆናል። አባቱን በቄስና በሽማግሌ ፊት «ዋሹ» የሚል ልጅ በእኛ አገር የለም። ቢልም እንኳ «ታዲያ ምን ማለት ነው?» ይሉታል፤ ያን ጊዜ ሚስቱ «ውዴ» እንደምትለው በራሱ አፍ ሊናገር ነው። ያንን እንደማያደርግ አውቅ ነበር። በውሸቴ ያስተማመነኝ እኔው እሱን ያሳደግሁበት ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ያልሳቅሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ ምራቷን ከደጅ ጠራቻት።

«ልጄን አሽከር ትይዋለሽ?»

«እታባ ሙች፣ እንዲያ ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

ምራቴ አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አባባ ያውቁታል» አለች ቀስ ብላ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ከበረቱ እበት እያወጣሁ ነበር። «ሰማህ? ምን ትላለች?»

«ትናንት ተናግሬያለሁ» አልኩና አካፋዬን ያዝኩ።

«አራት ወልጄ አንድ ተረፈኝ» አለች ባለቤቴ ለምራቷ። «እሱን አሽከር እንድታደርጊው አይደለም ያሳደግሁት። ስሜን መልሽልኝ፤ ያንቺንም ወስጃለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ ልጅ» አለቻት። በአገራችን አማት የሰጠችውን ስም መልሳ ከወሰደች ምራቲቱ ግቢው ውስጥ ብትኖርም እንግዳ ናት። ምራቴ ግን «እታባ» ማለቱን አልተወችም። ባለቤቴ አቤት አትላትም።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ ዝውውር ጠይቆ ወደ ሑመራ በኩል ተመደበ። ሲሄዱ ምራቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዕቃቸው ጭነት መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ልጄ ወደ ቆምኩበት መጣ።

«አባቴ፣ ቃሉን ያውቁት ነበር?»

«ማወቅና አለማወቅ ምን ያደርግልሃል?»

«እናቴ ከእርስዎ አፍ ካልሰማች አታምንም። እኔም እርስዎን ሐሰተኛ ማድረግ አልችልም። ገብተው አንድ ቃል ይንገሯት። ዕቃውን አስወርዳለሁ።»

ቤቱ ከቆምንበት መቶ እርምጃ አይሞላም። ባለቤቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ታየናለች፤ ደኅና ሁኑ ልትል ግን አልተነሣችም።

«መኪናው ይሄድብሃል» አልኩት።

ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን እንደ ልማዱ ውኃ ዋጠው። ከብቶቹን ወደ ደጋው ሰደድን። እኔና ባለቤቴ በጭቃ ተከበን ሁለት ወር ከአጥር አልወጣንም፤ በዚያ ሁለት ወር የተነጋገርነው በአንድ ገጽ ይጻፋል። የልጄ ቤት በሩ ተዘግቶ ነበር። በኋላ የጓያ ገለባ አገባሁበት። ገለባ ሲገባበት ሰው እንደማይመለስበት አመንኩ ማለት ነው።

ደብዳቤ ይመጣል። የማነብላት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ልጄ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እናቴ ሆይ፣ የተቀየምሽበት ቃል ክፉ አይደለም። ትርጉሙን አባቴ ያውቃሉ፤ ጠይቂያቸው።» እዚያ ስደርስ ዓይኔን አሻግሬ «እኛ ጤና ነን» ከሚለው ቀጠልኩ።

«ይኸ ሁሉ ጽሑፍ ይኸን ብቻ ነው የሚለው?» አለች።

«ሰላምታው ነው የሚበዛው።»

ሌላ የሚያነብ ሰው አጥታ አይደለም። በቤቷ አንባቢ ያላት ሴት ግን ደብዳቤዋን ይዛ ጎረቤት አትሄድም፤ ባሏን ማማት ይሆንባታል። ልጄም በነጋዴ አፍ «አባቴ ዋሽተዋል» ብሎ መላክ አልወደደም። በሦስት ደብዳቤ ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር ጻፋት። በሦስቱም ዘለልኳት። በአራተኛው ላይ አልነበረችም። ተስፋ መቁረጡን ከዚያ አወቅሁ፤ እፎይታም ተሰማኝ። አሁን የማፍረው ከሁሉ ይልቅ በዚያ እፎይታ ነው።

በሦስተኛው ዓመት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ሴት ልጅ፣ ንዳድ ይዟት በአምስት ቀን ሞተች። ያንን አልዘለልኩም። ለቅሶ ተቀመጥን። አስለቃሿ እንደ ወጉ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ «እንዴት ያለች ነበረች? መልኳን ንገሪኝና ላንሣላት» አለቻት። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ቀይ ትሁን ጠይም፣ ትሳቅ ታልቅስ አታውቅም። አስለቃሿ የሁሉም ሕፃን የሚባለውን ሙሾ አወረደች።

ዝምታ በቤት ውስጥ ሲኖር እንደ ምስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። የማኅበር ሰው «የተከበረ ቤት» ይለን ነበር። እኔም ለጎረምሶች ስለ ምላስ መጠበቅ እመክር ነበር። ይሰሙኝ ነበርም።

በሰባተኛው ዓመት ፍልሰታ የንስሐ አባታችን ጣራ ገዳም ሱባዔ ገቡ። እዚያ ድረስ ወጣሁ። ከአንድ ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ማኅበሩን፣ በረቱን፣ መኪናውን፣ ደብዳቤዎቹን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ያን ቀን የጠየቅሁህ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ አባቴ።»

«እኔም ያልከኝን አምኜ ኖርኩ። ከጎንደር ተምረው የመጡ ሁለት ሙሽሮች ያንን ሲሉ ሰምቼ ‹ባልን አሽከር ማለት ኃጢአት ነው› ብዬ ገሥጫቸዋለሁ። አንደኛዋ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች አሁን ገባኝ።»

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ስግደት እችላለሁ።

«ስግደት ለጉልበት ነው» አሉ። «አንተ የበደልከው በአፍህ ነው። ቀኖናህ ሄደህ ለሚስትህ ቃሉን በትክክል መተርጎም ነው። ሳትነግራት እንዳትቆርብ።»

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰፌድ ይዛ ሽምብራ ትለቅማለች። ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ስሚ።»

«አቤት።»

«ያች የምራትሽ ቃል አሽከር ማለት አይደለችም።»

እጇ አልቆመም። «ታዲያ ምን ማለት ናት?»

«ውዴ ማለት ናት።»

አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች። «ልጄን ነው ውዴ የምትለው?»

«አዎ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ገና ሳይጋቡ አውቅ ነበር።»

«ደብዳቤው ላይ ነበር?»

«ሦስት ጊዜ።»

ሰፌዱን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። እንደምትጮህ ጠበቅሁ። «እኔ እኮ» አለች፣ «ልጅቱን ያላመንኳት አንተን አምኜ ነው።» ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም፤ ቀድሜ ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ወረቀትና ብዕር አምጣ አለችኝ። «ጻፍ። ያልኩህን ብቻ ጻፍ።» ለምራቷ የወሰደችባትን ስም መልሳ ሰጠቻት። ይቅርታ ጠየቀቻት። «እታባ» ስትባል አቤት አለማለቷን አንሥታ አለቀሰች፤ ለቅሶውን አልጻፍኩም፤ ጻፍ አላለችኝምና። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለች። ነጠላዋን ለበሰችና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አንድ መምህር ካገኘች በኋላ «እዚህ ላይ ምን ይላል? ከላይ እስከ ታች አንብብልኝ» ብላ አስነበበችው። ያለችው ሁሉ መጻፉን ካረጋገጠች በኋላ ፖስታው እንዲታሸግ ፈቀደች። ይኸን የነገረኝ መምህሩ ነው፤ ቅር እንዳይለኝ ብሎ እየሳቀ ነገረኝ።

መልስ የመጣው በምራቴ እጅ ተጽፎ ነው። «እታባ» ብሎ ይጀምራል፤ «ይምጡልን» ብሎ ያበቃል። እኔ ካነበብኩላት በኋላ ደግማ በመምህሩ አስነበበችው። መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ባለቤቴ ሽሮና ድርቆሽ ቋጥራ መኪና ተሳፈረች። እኔን ና አላለችኝም፤ እኔም ልምጣ አላልኩም። እዚያው ቀርታለች። ከሞተችው በኋላ የተወለዱ ሁለት ልጆች አሉ፤ እነሱን ታሳድጋለች። ለዓመት በዓል ሰላምታዋ ይደርሰኛል። የሚጽፍላት ልጄ ነው። በሰላምታው ላይ ምን እንደምትልና ምን እንደሚዘልላት አላውቅም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም።

አሁን ወጪውን ልደምር። ልጄ በአባቱ ግቢ ሊኖርበት የሚችል ሰባት ዓመት ከፈለ። ምራቴ ለሰባት ዓመት ስሟን፣ ስትወልድም ወገቧን የምትደግፍ እናት ከፈለች። የንስሐ አባታችን በሁለት ንጹሓን ሙሽሮች ላይ በሐሰት ፈረዱ፤ አንደኛዋን ይቅርታ ሊጠይቁ ፈልገው እስካሁን አላገኟትም። ባለቤቴ የልጅ ልጇን መልክ፣ ከዚያም በእኔ አፍ ላይ የነበራትን እምነት ከፈለች። እኔ ባለቤቴን፣ ልጄንና ምራቴን፣ ሦስቱን አጣሁ። ሕፃኗን አልቆጠርኳትም፤ እሷን አጣሁ እንዳልል አንድ ቀን እንኳ አላገኘኋትም።